አጎቴና ቀዩ ጊታር
አጎቴ ቡና ሲገዙ የጆንያውን አፍ አያዩም ነበር። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከታች ይዘግናሉ። "ላዩንማ ሻጩ ለእኔ ብሎ አሳምሮታል" ይላሉ።

በጃንሆይ ጊዜ የመጀመሪያዬን የኤሌክትሪክ ጊታር ልገዛ ስነሳ ከዲላ መርካቶ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። አቅሜ የሚፈቅደው ሁለት ነበር፤ አንዱ የተፋፋቀ ቡናማ፣ አንዱ የሚያብረቀርቅ ቀይ። ዓይኔ ቀዩ ላይ ቀረ። አጎቴ የሁለቱንም አንገት በጣታቸው ዳሰሱና ሻጩን፣ "ወንድሜ፣ እስቲ ሰካካና ሁለቱንም አሰማን" አሉት።

ሻጩ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። "እኚህ አባት ምንህ ናቸው?"

አፈርኩባቸው። "ዕቃ ሊሸከሙልኝ ነው የመጡት" አልኩ።

ሰምተዋል። ቀዩን ሳላስሞክር ገዛሁ፤ እሳቸውም አንስተው እስከ አውቶቡስ ተራ በትከሻቸው ተሸከሙልኝ።

ዲላ ስንገባ የጊታሩ አንገት ጠማማ ሆኖ ተገኘ፤ ቅኝት አልይዝ አለ። ቀለሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም። አጎቴ "ነግሬህ ነበር" አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን እኔም ቡና ነጋዴ ነኝ። መጋዘኔ በር ላይ አጎቴ ይቀመጡበት የነበረው በርጩማ ባዶ ነው። በለቅሷቸው ላይ ሰዉ ሁሉ "እንደ ልጃቸው ነበርክ" እያለ ሲያጽናናኝ፣ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።