ባዶው ኮንቴነር

የራሴ መኪና አለኝ፤ በባቡር ሞጆ የሚገባ ኮንቴነር እየጫንኩ ጋምቤላ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን ከጋምቤላ ከተማ አለፍ ብላ ባለችው ኢታንግ ዕቃ አራግፌ ልመለስ ስል አንዲት እናት የመዝሙር ደብተር ይዘው መጡ።

«ሹፌር፣ ጋምቤላ ጉባኤ አለን። ውሰደን።»

«እማማ፣ እኔ ጋቢና ሰው አላስገባም።»

«እሺ» ብለው ሄዱ። በቀላሉ መተዋቸው ገረመኝ። ዝናብ ሲጀምር ውስጡን እንኳ ሳላይ የኮንቴነሩን በር ቀርቅሬ ተነሳሁ።

መንገድ ላይ መዝሙር ተሰማኝ። ሬዲዮኑን ነካካሁ፤ ጠፍቷል። ከበሮ ሲጨመርበት ግን መኪናውን አቁሜ ወረድኩና በሩን ከፈትኩ። አሥራ ሁለት ዘማሪዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከፊት እማማ።

«ምነው እማማ! ኬላ ላይ ሊያስይዙኝ ነው? አይሆንም አላልኩም?»

«ጋቢና ነው ያልከው» አሉኝ ተረጋግተው። «እኛ ጋቢና አልገባንም። በል ዝጋው፣ ዝናብ እየገባ ነው።»