ከጉልበት ሥር የገባው ትራስ

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም ጉልበቷን ባንድ ቀን ያስቀየረችው በገዛ አፏ ነው፤ ማንም አላስገደዳትም። ሐኪሙ «አንዱን አሁን፣ ሌላውን እያደር እናየዋለን» ብሎ መክሯት ነበር። እሷ ግን «ሁለት ጊዜ ከማለቅስ አንዴውን አልቅሼ ልገላገል!» ብላ ድርቅ አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው። አንድ ጉልበቱን የተቀየረ ሰው በደህናው እግሩ ተደግፎ ይነሳል፤ እሷ ደህና የሚባል እግር መች አስቀረችና! ከሆስፒታል አምጥተው በወንበር ተሸክመው ሁለተኛ ፎቅ ቤቷ ሲያወጧት ተሸካሚዎቹን «ቀስ! የሙሽራ ቀሚስ ነው የያዛችሁት!» እያለች ትቀልድ ነበር። አልጋዋ ላይ ካሳረፏት በኋላ ግን ቀልዱ አለቀባት።

ጉልበቷን የበላው ሥራዋ ነው። የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ የሚለካው ሙሽራዋ ቆማ፣ ሰፊዋ ተንበርክካ ነው፤ ዙሪያውን በጉልበት እየተሄደ፣ እስፒል ከአፍ እየተነቀለ። ስንቷ ሙሽራ ራሷን በመስታወት እያየች «ትንሽ ይጠር፣ ኧረ አይ፣ ትንሽ ይርዘም» ስትል ይቺን ሴት በጉልበቷ አስዙራታለች። እስፒል ከአፏ ስለማይጠፋ፣ እስፒሉ ሲወጣ ደግሞ ምላሷ ስለሚወጋ፣ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። በመጨረሻ አጥንት ካጥንት ሲፋጭ በጆሮዋ ትሰማው ጀመር፤ ደረጃ ስትወርድም እንደ ሕፃን ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ነበር የምትወርደው።

ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ቸኩሎ አያውቅም፣ የቸኮለ ሰው ባየ ቁጥርም «ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙ ራሱ ጋሼ ቀስ በሉ ሆኖ ቀረ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ልክ የለውም። የሚስቱን ለቅሶ መስማት አይችልም። አንድ ጊዜ እሷ ጥርሷን ስትነቀል ደጅ ሆኖ ሲጠብቅ ራሱን ስቶ የወደቀው እሱ ነው፤ ነርሶቹ የተነቀለችውን ትተው እሱን ውሃ ሲያጠጡ ነበር። እንግዲህ ይሄን ሰው ነው አስታማሚ ያደረጉላት።

ቤት ድረስ እየመጣች እግሯን የምታሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ ወጣት ናት፣ ፈገግታ የማታባክን። ባልና ሚስት በሹክሹክታ «ገራፊዋ» ይሏታል። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ቁስሉን ገልጣ ስታይ እትዬ መርፌም አንገቷን አስግጋ በባለሙያ ዓይን መረመረችው።

«ይሄ ደግሞ ስፌት ነው? ወረቀት የሚያያዝበት ሽቦ ነው እኮ የመቱኝ! እኔ ብሆን ስውር ስፌት ነበር የማደርግለት፤ የት ጋ እንደተቀደደ አይታወቅም ነበር።»

ገራፊዋ አልሳቀችም። ፎጣ ጠቅልላ ከተረከዞቿ ሥር አደረገችና ጉልበቶቿን ያለ ምንም ድጋፍ ተወቻቸው፤ የራሳቸው ክብደት ወደ ታች እየሳበ እንዲዘረጋቸው።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ጋሼ፣ እርስዎም። ድጋፍ የሚገባው ከተረከዝ ሥር ነው። ከጉልበት ሥር ትራስ እንዳይገባ! ይመቻል፣ አውቃለሁ። ግን አዲስ ጉልበት ታጥፎ ከዋለ ታጥፎ ይቀራል።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» አለ ባል፣ ራሱን እየነቀነቀ።

እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ከሰዓት በኋላ ጉልበቶቿ እንደ ዳቦ ተነፍተው፣ ቆዳው እሳት ሆኖ፣ ያ ፎጣ ከተረከዟ ሥር ሲገባ ግን ከታፋዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚነድ ነገር ወረደባት። ባል በረዶ በላስቲክ አድርጎ በፎጣ ጠቅልሎ ያዘላት። ያልፋል አላት። አላለፈም። «ወየው! ወየው እናቴ! ኧረ በናትህ አንድ ነገር አድርግ!» አለች። አደረገ። የራሱን ትራስ ከራስጌ አንስቶ ቀስ ብሎ ከጉልበቶቿ ሥር አስገባላት። ሕመሙ ወዲያው ቀለል አለ። ዓይኗን ጨፍና «ተባረክ» አለችው። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ እጇን እያሻሸ እንባውን ጠረገ። በዚህ ቤት ክፉው ማን ነው? ማንም አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ትራሱ ልማድ ሆነ። ገራፊዋ በር ስታንኳኳ ጋሼ ቀስ በሉ ያልለመደበትን ይቸኩላል፤ ትራሱን መዞ ቁም ሣጥን ውስጥ ይወረውርና ፎጣውን ከተረከዝ ሥር ያደርጋል። ሚስትም «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እንጂ!» እያለች ባፏ ታግዘዋለች። ስኳር የሰረቁ ልጆች እንጂ ያረጁ ባልና ሚስት አይመስሉም። «መዘርጋቱን ትሠሩታላችሁ?» ትላለች ገራፊዋ። «እንዴታ!» ይላሉ ባንድ አፍ። ስትሄድ ይሳሳቃሉ። እየሳቁ ነው እንግዲህ ከድጡ ወደ ማጡ የገቡት።

ቁርጡ የታወቀው ሽቦው ተነቅሎ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ገራፊዋ ግድግዳ አስደግፋ አቆመቻትና «ጉልበቶችዎን ወደ ግድግዳው ይግፏቸው» አለቻት። እትዬ መርፌ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ቀኙ ጥቂት እሺ አለ። ግራው ንቅንቅ አላለም፤ ሰው ሊቀመጥ ሲል እንደሚታጠፈው ታጥፎ ቀረ። ልጅቷ የማዕዘን መለኪያዋን አውጥታ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እማማ፣ እየጠነከረ ነው። ውስጡን ጠባሳ እየያዘው ነው፤ ጨርሶ ከያዘው በልምምድ አይላቀቅም። ዶክተሩ በቀጠሮዎ ቀን እንዲህ ሆኖ ካገኘው እንደገና መክፈቱ አይቀርም፣ ተከፍቶም ላይሆን ይችላል። ያኔ ሥራው ይቅርና ሽንት ቤት በራስዎ መሄዱም ያስቸግርዎታል።»

«አልጋው ይሆናል» አለ ባል። «አልጋው መሀሉ ሰርጉዷል…»

«ትራስ ነው» አለች እትዬ መርፌ። «እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

«ዋሽታ ነው! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩላት!»

ገራፊዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «ማንም ያድርገው» አለች። «ጉልበቱ ያንን አያውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉ ጠበቀ። ተረከዝ ፎጣ ላይ ይሆናል፤ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ በየጭኗ ላይ ደግሞ የስኳር ከረጢት ይጫናል፤ ሬዲዮው ዜናውን አንብቦ እስኪጨርስም አይነሳም። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም። ባል ከረጢቱን ያስቀምጣል። ገና የዜናው አርዕስት ሲነበብ እሷ ትጮሃለች። እሱ ያነሳዋል።

«ለምን አነሳኸው?» ትለዋለች እንባዋን እየዋጠች።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ አንሳልኝ ያልሽኝ!»

«ብልህስ! ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ሲባል አልሰማህም?»

እንደገና ያስቀምጣል። እንደገና ትጮሃለች፣ እናቱን አባቱን ትሰድባለች፣ በእግዜር ስም ትለምነዋለች። እንደገና ያነሳል። ቀጠሮው ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ቀጠሮ ሰው እስኪዘጋጅ መች ይጠብቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ተስፋዋ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። መስኮቱ አጠገብ፣ ቀሚስ የምትሰቅልበት የሴት ቅርጽ ያለው እንጨት፣ ከመታመሟ በፊት የጀመረችውን ነጭ ቀሚስ እንደለበሰ ቆሟል። እንጨት እንኳ ቆሟል። እሷ ግን ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ባለ አራት እግሩን ምርኩዝ ታቅፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ እግሮቿን እየጎተተች ስትሄድ ደርሳ ለመመለስ ያልባታል። ዛሬ ብብቷን ደግፎ የሚያቆማት እሱ ነው፤ እሱም አርጅቷል። እሱ ሲደክም ማን ሊያነሳት ነው? «ምነው ከሥሩ በቆረጡልኝ!» አለች ጣሪያው ላይ አፍጥጣ። «ምነው ማደንዘዣው እንደያዘኝ በቀረሁ!» ባል ይህን ሲሰማ ከጓዳ ሮጦ መጣ፤ ሳትጠይቀውም ትራሱን ይዞ ነበር የመጣው።

ያኔ ነው የገባት። ክፋት ቢኖርበት ትጣላው ነበር፤ ደግነትን ግን በምን ትጣላዋለች? እሱ ቤት ውስጥ እያለ ከጠራችው ይመጣል፣ እሷም መጥራቷን አትተውም።

«ጃኬትህን ልበስ» አለችው በማግስቱ ጠዋት። «እህትህ ቤት ትሄዳለህ። እግሬ እስኪዘረጋ እዚህ አትገባም።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ማን ሊያነሳሽ? ማን ውሃ ሊያቀብልሽ?»

«ታች ያለችው ባለ ሱቅ ትመጣልኛለች። በስልክ ተነጋግረናል።»

«እሷ? እሷ እኮ ሰው ቢሞት እንኳ ሚዛኗን ሳትጨርስ አትነሳም!»

«ለዚያ ነው የፈለግኳት።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሲያመኝ እጠራሃለሁ፣ ስጠራህ ትመጣለህ። አንተ እያለህ አልችለውም። ይኸው ነው።»

«ከእንግዲህ አልመጣም! ጆሮዬን ደፍኜ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ትሙት!»

«ትመጣለህ።»

«አልመጣም አልኩሽ!» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

በደህና ቃል እንደማይሄድ አወቀች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አፏ ለሌላው መርፌ ሲሆን ለእሱ ክር ነበር። የዚያን ቀን ግን ወጋችው።

«አዛኝ ቅቤ አንጓች! አንተ ነህ ሽባ ያደረግኸኝ! ሐኪሙ የሠራውን እግር አንተ ነህ ያበላሸኸው!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ጃኬቱን አነሳ፤ እጁ እጅጌውን አጥቶ ሲዳብስ ቆየ፣ ከዚያ ወጣ። የተናገረችው እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ፤ «ተባረክ» ያለችው እሷው ነበረች። ያንን ግማሽ ዋጠችው። ብትነግረው አይሄድማ።

ባለ ሱቋ ወዲያው መጣች። «በይ እትዬ፣ ደንበኛ አቁሜ ነው የመጣሁት» ብላ ፎጣውን ከተረከዝ ሥር አስገባች፤ ከረጢቶቹንም በሁለቱ ጭኖቿ ላይ ዱብ ዱብ አደረገቻቸው። «ብትጮኺ አልሰማሽም፣ ታች ነኝ። ብታወርጂው ደግሞ እግሩ ያንቺ ነው።» በሩን ገርበብ አድርጋ ወረደች።

እትዬ መርፌ እጆቿን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብታ ተኛችባቸው፤ ከረጢቱን ገፍተው እንዳይጥሉት ፈርታቸዋለች። ሕመሙ መጣ። ከጉልበቷ ጀርባ ጅማቷን አንድ በአንድ የሚመዝዙት መሰላት፤ ላብ ግንባሯን አጠመቀው። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ከደረጃው ሳል ሰማች። የእሱ ሳል ነው። አልሄደም። ጃኬቱን እንደለበሰ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን አቁሟል።

አንድ ቃል ይበቃታል። «ኧረ» ብትል ይበቃል፤ ይገባል፣ ከረጢቱን ያነሳል፣ እጇን እያሻሸ ያባብላታል፣ የተናገረችውንም ሁሉ ይረሳላታል። እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ፊቷን አዙራ አንሶላውን በጥርሷ ሳበችና አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

«አለሽ?» አለ ከበሩ ውጪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አመመሽ እንዴ?»

አንሶላውን ተፋችው። ድምጿ እንዳይከዳት ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ደህና ነኝ። እንቅልፌ እየመጣ ነበር፣ ቀሰቀስከኝ። ሂድ በቃ።»

«እውነት?»

«እውነት። እህትህን ሰላም በልልኝ።»

ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። አንዱን ደረጃ ረግጦ ወደ ሌላው ሲወርድ አዳመጠችው። የታችኛው በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ መንገዱን ተሻግሮ ይርቃል ብላ እስክታስብ ድረስም ጠበቀች። ከዚያ ጮኸች።