ከትራሱ ላይ የተተረተረው ስም

ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ፣ በአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለ ሱቁ ሐጂ ጨርቁን ይሸጣሉ፤ የገዛው ሰው ዞር ሲል እኔን ያገኛል። በመኪና የሚሰፋ ሰው በከተማው ሞልቶ ነበር። እኔን የሚፈልገኝ ሰው የሚመጣው ለእጄ ጥልፍ ነው። ልጅ ክርስትና ሲነሣ ስሙ ያለበት መታቀፊያ፣ ሠርግ ሲሆን የሙሽሮቹ ስም ያረፈበት የትራስ ልብስ፣ ለሚዜዎች መሀረብ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ የሚሰጥ የአልጋ ልብስ እጠልፍ ነበር። ሰው ስም የሚያስጠልፈው ደስ ሲለው ነውና በዚያች በረንዳ ላይ ያየሁት ፊት አብዛኛው የደስታ ነበር።

ሞባይል የሚባል ነገር ገና እኛ ዘንድ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ሠርጉ በሠርግ ላይ ተደራርቦ ቀና ብዬ የማይበት ፋታ እንኳ አጥቼ ነበር። አንድ ማለዳ ከጋፋት ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ እናት በረንዳው ላይ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል፤ የተላጨው ጸጉራቸው ገና ማቆጥቆጡ ነው። ከኋላቸው ትምህርት ቤት የምትሄድ የምትመስል ልጃገረድ አለች። እናትየው ከነጠላቸው ሥር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት።

“ይቺን እንድትተረትሪልኝ ነው የመጣሁት” አሉኝ።

ስዘረጋው የራሴን እጅ አወቅሁት። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ርግቦች፣ ከሥራቸው በቀይ ክር የወንድ ስም፣ ከጎኑ የሴት ስም። ለታላቂቱ ልጃቸው ሠርግ የጠለፍኩት የትራስ ልብስ ነው። ያኔ እኒሁ እናት ዘመድ አስከትለው፣ እየሳቁ ነበር የወሰዱት።

“ሁለቱንም ስም ነው?” አልኳቸው።

“የእሱ ይቅር። የሷን አውጪና የዚችን አድርጊበት” አሉ፣ ልጃገረዲቱን በአገጫቸው እያሳዩ።

ያኔ ጥቁሩን ልብስ ለማን እንደለበሱ ገባኝ። ነፍስ ይማር አልኳቸው። ታላቂቱ ልጅ በመስከረም ነው የሞተችው፤ ምች መታት ተብሎ። ሕፃን ልጅ ትታለች። ባልዋ የወፍጮ ባለቤት ነው፣ በአገሩ የተከበረ። ተዝካሯ እንደ ወጣ ሽማግሌ ልኮ፣ ልጄን እንግዳ እንጀራ እናት ከምታሳድጋት አክስቷ ታሳድጋት፣ እህቷን ስጡኝ አለ። አባትየውም እሺ ብለዋል። ሠርጉ ከቅበላ በፊት እንዲሆን ተቆርጧል፤ የሙሽራዋን ቀሚስና የሚዜዎቹን መሀረብ የምሠራውም እኔ ነኝ።

“እማማ፣ ይሄስ ይቅር፤ አዲስ እጠልፍልዎታለሁ” አልኳቸው።

“አይሆንም። ያንኑ ብሏል። የለመድኩት ትራስ ነው አለ።”

ጨርቁን እንደገና አየሁት። ከርግቦቹ በላይ መሐል ላይ አንዲት ትንሽ አበባ አለች። መጀመሪያ ስጠልፈው ያልነበረች ናት። ከዓመት በፊት ሟቿ ራሷ በቅዳሜ ገበያ ቀን ይዛው መጥታ ነበር። መሐሉ ተቀድዷል። ቅዳጁ በስለት የተሠነጠቀ ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ ያለውም ልክ ራስ በሚያርፍበት ቦታ ላይ። ምን አገኘው ብላት ውሻ ጎተተው አለችኝ። እጇን አንጓዋ ላይ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ቅዳጁን ሰፍቼ ስፌቱ መልኩን እንዳያበላሸው አበባ ጠለፍኩበት። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

እናትየው ከሐጂ ጋር የቀሚስ ጨርቅ ሊመርጡ ወደ ሱቁ ሲገቡ፣ ልጅቷን ልለካት አቆምኳት። ሜትሩን በወገቧ ሳዞር ትንፋሿን ይዛ ነበር።

“እትዬ” አለችኝ በሹክሹክታ። “እህቴ እዚህ መጥታ ነበር አይደል? ጨርቁ ሲቀደድ። ምን አለችዎት?”

“ውሻ ጎተተው ነው ያለችኝ።”

ልጅቷ ወደ ሱቁ በር ዞር ብላ እናቷን አየች።

“ውሻ የላቸውም” አለች።

በዚያው ሳምንት ሰውዬው ራሱ መጣ። በሠርግ ልብስ ጉዳይ ወንድ አይመጣም፤ ሴቶቹ ናቸው የሚመላለሱት። እሱ ግን ሰላምታ ሰጥቶኝ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ንጹሕ ጋቢ ለብሷል። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ለመስማት ወደ እሱ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

“እህት ዓለም፣ ያቺ የትራስ ልብስ ተጀመረች?”

አልተጀመረችም አልኩት። “እስቲ ጀምሪያት፤ ልያት” አለኝ። ሌላ ሥራ ይዤ ነበር፣ ግን አስቀመጥኩትና ጨርቁን አውጥቼ የጥልፍ መወጠሪያዬ ክብ እንጨት ላይ ወጠርኩት። ከስሟ መጨረሻ ፊደል ጀምሬ በመርፌ ጫፍ ክሩን እያነሣሁ መተርተር ያዝኩ። እሱ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ያያል። የመጨረሻው ፊደል ሲያልቅ በጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ።

“ቀዳዳው አይታይም፣ አይደል?”

“አዲሱ ስም ይሸፍነዋል።”

“ደግ።” ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ መሐል ያለችውን አበባ በስሱ ዳሰሳት። “ይቺን ግን እንዳትነኪያት። ይቺ ታምራለች።”

ከሄደ በኋላ እጄ እምቢ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ። ሐጂ ከሱቁ ውስጥ ሆነው ያዩ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ከመጣ እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ በሩ አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ።

ቅዳሜ እናትየው ብቻቸውን መጡ። የማውቀውን ዝም ብዬ መያዝ አልቻልኩም። ልጃቸው ከዓመት በፊት መምጣቷን፣ በስለት የተቀደደውን ጨርቅና በጨርቅ የተጠቀለለውን እጇን ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ፣ ምናልባትም ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መሬት መሬት እያዩ እስክጨርስ ሰሙኝ።

“አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ” አሉኝ በመጨረሻ። “አይቻለሁ። ምች በሰው አንገት ላይ የጣት ምልክት አይተውም።”

“ታዲያ ለሕግ…”

“ማንን ምስክር ልጥራ? የተገነዘች ሬሳ? ለአባቷ ነገርኩት። ኀዘኑ አእምሮሽን ነካው፣ ሁለተኛ እንዳትደግሚው አለኝ። ቃል ሰጥቷል። ሽማግሌ ፊት የሰጠውን ቃል ከሚበላ ልጁን ቢሰጥ ይሻለዋል።”

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ድምፃቸው የደረቀ ነበር። ከሱቁ በር ላይ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እህቴ፣ ሰምቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ” አሉ። “ጾማችሁ ሩቅ አይደለም። በጾም ሠርግ የላችሁም። ልብሱ ካልደረሰ ደግሞ ሙሽራ አትወጣም። ቀዩ ክር አልቋል፣ ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም እንላለን። ውሸቱ በእኔ ይሁን።”

እናትየው ቀና ብለው አዩአቸው። “ከቅበላ ካለፈልኝማ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ” አሉ።

ሰውዬው ተመልሶ ሲመጣ ሐጂ እንዳሉት ነገርነው። ክር የለም። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። በማግስቱ ከነገርኩት ቀለም ጋር አንድ የሆነ ቀይ ክር ይዞ መጥቶ ጭኔ ላይ አኖረልኝ። ከወረታ ድረስ ሰው ልኮ ነው ያስመጣው።

“አሁንስ?” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አልታሰበኝም ነበር። ሲመጣ ሳየው ግን ፈጥኜ ብጣሽ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ነበርና እሱን አሳየሁት። መርፌ ወግቶኝ ጣቴ አብጧል፣ ቀሚሱንም ጥልፉንም መሥራት አልቻልኩም አልኩት። ሰውዬው እጄን ያዘ። የሐኪም ያህል ቀስ ብሎ ነው የያዘኝ።

“የትኛው ጣት ነው?”

አሳየሁት። በጨርቁ ላይ በሁለት ጣቶቹ መሐል አድርጎ ጨመቀው። ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው። በእውነት ያበጠ ጣት ቢሆን ኖሮ መጮኽ ነበረብኝ። እኔ ግን በፍርሃት ድምፅም አልወጣኝ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ።

“ተዋት እንጂ፣ አንተ ልጅ። እጇ እንጀራዋ ነው” አሉት።

እጄን ለቀቀው። “ቶሎ ይሻልሻል፣ እህት ዓለም” ብሎኝ ሄደ።

ቅበላ ገባ። ቀሚሱ አልተሰፋም፣ ስሙም አልተለወጠም። እናትየው በቤታቸው ደግሞ ልጅቷ ሰውነቷን እከክ ይዟታል ብለው የሙሽራውን ወገን አሳምነዋል። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተላለፈ። ሰውዬው አልተቆጣም አሉ። “እጠብቃታለሁ” ነው ያለው።

በጾሙ አጋማሽ እናትየው አባትየውን፣ ልጅቷ እከኩ ሳይለቃት ብትዳር ያሳፍረናል፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወስጄ ላስጠምቃት ብለው ጠየቁ። አባትየው ፈቀዱ። ሲሄዱ በእኔ በኩል አልፈዋል። ልጅቷ አሮጌ ነጠላ ለብሳ፣ ስንቅ ተሸክማ፣ ለጥምቀት እንደምትሄድ ሰው ሆናለች። የትምህርት ቤት ወረቀቷን የምትይዝበት ስለሌላት፣ ከትርፍራፊ ጨርቅ ሰፍቼ ያኖርኩትን ቦርሳ ሰጠኋት። ስም አልጠለፍኩበትም። እሷም ይህን አይታ ለምን አላለችኝም።

“የእህቴ ልጅስ?” አለቻቸው እናቷን፣ እኔ እየሰማሁ።

“ሂጂ” አሏት እናቷ። “እሷን እግዜር ያውቃል።”

ዋንዛዬ አንድ ቀን ተጠመቁ፤ ሰው እንዲያያቸው። ከዚያ በሐሙሲት መንገድ ላይ መኪና ያዙና ልጅቷ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ገባች። እናትየው ብቻቸውን ተመለሱ። የት ጣልሻት ሲባሉ መልስ አልሰጡም። አባትየው ከቤት አስወጧቸው፤ ፋሲካን የዋሉት በወንድማቸው ቤት ነው።

ሰውዬው ወደ እኔ የመጣው ወሬው ከተማ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል። ጠዋት ነው፤ ሐጂ ገና ሱቁን እየከፈቱ ነበር። ዱካውን አልሳበም። ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ እኔም የትራሱን ልብስ አውጥቼ ሰጠሁት። ከሟቿ ስም የተተረተረው ያ የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው፤ ሌላው እንዳለ ነው። በጥንቃቄ አጣጥፎ ከጋቢው ሥር ከተተው።

“የት እንዳለች ታውቂያለሽ” አለኝ።

“አላውቅም።”

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ እጄ ወረደ።

“ጣትሽስ ዳነልሽ?”

“ድኗል።”

“እግዜር ይመስገን” አለና ሄደ።

እኔም መኪናዬን ከበረንዳው ወደ ሱቁ ውስጥ አስገባሁ። ሐጂ ጨርቃቸውን ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ለጥልፍ አይመችም፤ ዓይኔ መድከም የጀመረው ያኔ ነው።

ልጅቷ እዚያው ባሕር ዳር ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ያዘች። አላገባችም። እናትየውን የነፍስ አባታቸው ከባላቸው ጋር አስታርቀዋቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ በገበያ ቀን ጎራ ይሉና አጠገቤ ይቀመጣሉ። የልጅ ልጃቸውን ማየት የሚችሉት በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከሩቅ ነው። አባቷ እጇን ይዞ ያመጣታል። አንድ ጊዜ፣ “አድጋለች፣ መልኳ እህቷን ነው የመሰለው” አሉኝ። እህቷን ያሉት እናቷን ለማለት ፈልገው መሆን አለበት። አላረምኳቸውም።

ሰውዬው ከሌላ አገር ሌላ ሚስት አምጥቶ አግብቷል አሉ፣ ከማን ዘር እንደሆነች የነገረኝ የለም። ለሠርጉ የተጠለፈ ነገር ካለ እኔ ዘንድ አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል አስጭኖ በሱቁ ፊት ያልፋል። ሲያልፍ ቆም ይልና በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ ደኅና ዋልሽ ይለኛል። እግዜር ይመስገን እለዋለሁ።