ለአንድ በረራ ብቻ

ከአቃቂ በሰቃ ወደ ጀርመን በወጣንበት ምሽት ግቢያችን ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጎረቤቴ ዘይነባ ሻንጣዎቹ ከተጫኑበት ታክሲ ኋላ ነበረች። ታናሽ እህቴ አልማዝ የቤቱን ቁልፍ ይዛ ደጃፉ ላይ። ልጄ ብሩክ ከሁሉም ርቆ ከቆርቆሮ ወርክሾፑ ፊት ቆሟል፤ አራት ዓመት የደከመባት በራሪ ማሽን እዚያ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቀርታለች። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ቀድሜ የገባሁት ሆድ ብሶኝ አይደለም፤ ጉልበቴ ብዙ መቆም አይችልም።

«አንተ ብሩክ» አለች ዘይነባ፣ «ከኮዬ ፈጬ መርካቶ በአየር አደርሳችኋለሁ አላልክም? እኔ እኮ ይኸው ወረፋ እንደያዝኩ ነው!»

ሰው ሳቀ፤ ብሩክም ሳቀ። ጋሽ ተሰማ ግን አልሳቁም።

«እናትህን ይዘህ ነው የምትሄደው» አሉት። «የምታደርገውን ሁሉ እሷን እያሰብክ አድርግ።»

«እሺ ጋሼ» አላቸው።

ለምን እንደሄድን ከዕድራችን ሰዎች ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ማሽኗ ስምንት ማራገቢያ ነበራት፤ በባትሪ ኃይል ካለችበት ቀጥ ብላ ተነሥታ ሁለት ሰው ትይዛለች ተብላ የተሠራች ናት። መንደርደሪያ ሜዳ አትፈልግም። ብሩክ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ካዩ ያከብሩኛል ብሎ እኔን አስከትሎ ነበር።

«ይቺ ተሽከርካሪ ናት ወይስ አውሮፕላን?» አለ የመጀመሪያው ኃላፊ።

«የምትበር ናት።»

«ታርጋ አላት?»

«ጎማም የላት፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እኛን አትመለከትም።»

የሚመለከታቸው ዘንድ ሄድን። እዚያ ያለው ሰው ፎቶዋን አገላብጦ አየ።

«በርራ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ፈቃድ ይስጡኝና ላሳይዎት።»

«በርራ ለማታውቅ እንዴት ፈቃድ ይሰጣል?»

«ያለ ፈቃድ ባበራትስ?»

«ትታሰራለሃ!» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ሻይ ላስመጣልዎት?» አለኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር። ከዚያ ቢሮ ያገኘነው እሱን ብቻ ነው።

ባትሪዎቹም ጉምሩክ ቀሩ። በመጨረሻ ጀርመን አገር እንዲህ ዓይነት የከተማ አየር ታክሲ የሚሠራ ድርጅት ሥራውን በቪዲዮ አይቶ ቀጠረው። እኔም ወላጅን መውሰድ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ነገሩ ግን በአንድ ክር የተሰፋ ነው። ሥራው ካለ ብሩክ ይኖራል፤ ብሩክ ካለ እኔ እኖራለሁ። ሥራው ከቆመና ሌላ ካላገኘ ሁለታችንም ሻንጣችንን እናነሣለን።

የምንኖርባት ከተማ ትንሽ ናት። ጠዋት የሚወርደው ጭጋግ የአቃቂን ሐምሌ ይመስላል፤ ልዩነቱ እስከ ማታ አለመነሣቱ ነው። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ለመድኩት። ሰላምታ አጭር ነው። ደረጃ ላይ ያገኘሁትን ሰው ልጆቹ ደህና መሆናቸውን በብሩክ በኩል ባስጠይቀው፣ ወደ ብሩክ ዞሮ «እናትህ ልጆቼን ከየት ታውቃለች?» ብሎታል።

አከራያችን ሄር ቤክ ግድግዳ ይወዳል። በረዶ በሚጥልበት ሰሞን መጥቶ ግድግዳውን በእጁ ዳበሰና ተቆጣ።

«ሉፍተን! በቀን ሦስት ጊዜ ሉፍተን!»

ሉፍተን ማለት በዚያ ብርድ መስኮት በርግዶ ቤቱን ማናፈስ ነው።

«ብርድ ይመታኛል በለው» አልኩት ብሩክን። ነገረው።

«ብርድ ያልፋል። ሻጋታ ግን ግድግዳ ያበላሻል» አለ ሄር ቤክ።

«ግድግዳው የሱ ነው፣ ሳንባው የኔ ነው በለው።»

ሄር ቤክ ወደ ብሩክ ዞረ።

«ምን አለች?»

«አመሰግናለሁ አለች።»

ብሩክ በሚሠራበት ድርጅትም ወረቀት አልጠፋም። እዚያስ ወረቀቱ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ግን አያልቅም። እያንዳንዱ ብሎን የራሱ መዝገብ አለው። አንዱ ሲፈቀድ ሌላው ይጎድላል፤ ዓመት ይገፋል፤ ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ደግሞ መቼ ነው የሚበረው እያሉ ይጮኻሉ። ማሽኑን የሚያበረው ማርቲን የሚባል ሰው ነበር። እሑድ እሑድ ቤታችን እየመጣ ሽሮ ይበላል። እኔን «ኦማ» ይለኛል፣ አያቴ ማለት ነው። ሚስቱ ሃይከ ለጉልበቴ የሱፍ መጠቅለያ ሠርታልኛለች።

አንድ ሰኞ ብሩክ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ማራገቢያዎቹን የሚሸከመው የማሽኑ ክንድ ብረት አይደለም፤ የካርቦን ጨርቅ በሙጫ ተደራርቦ ደርቆ ነው የሚሠራው። ጨርቅ ከሆነ እኔም ይገባኛል። ወጣትነቴን የጨረስኩት አቃቂ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው።

«እማ፣ ክንዱን ስመረምረው አንድ ቦታ ላይ ከውስጥ ድርቡ የተላቀቀ መሰለኝ።»

«ምን ያህል?»

«የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። መሣሪያው አጥርቶ አያሳይም። ለማረጋገጥ መፈታት አለበት፤ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።»

«ታዲያ አስፈታዋ።»

«ሐሙስ ገንዘብ ሰጪዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ። ሐሙስ ካልበረረ ድርጅቱ ይዘጋል። ክንዱ ደህና ነው ብሎ የሚፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ከተዘጋስ?»

«እንመለሳለን እንጂ።»

 አቃቂ ሚኒባስ ተራ ላይ ሻንጣ ይዤ ስወርድ፣ ሰው ሲያየኝ፣ ታየኝ። ይህን ነው ያሰብኩት፤ ሌላ ነገር አስቤ ነበር ብል ውሸት ነው።

ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁን መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋዋለን፤ እንከን ስናይ በጠመኔ እናከብበዋለን። ንጹሑ አንደኛ ደረጃ ይመታበታል። ትንሽ እንከን ያለበት ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ በርካሽ ይሸጣል። ሰው ልብስ አሰፍቶ ይለብሰዋል፤ ስንት ዓመት ማኅተም ስመታ አንድም ሰው ተጎዳሁ ብሎ አልመጣም።

«እኛ የጥፍር ታህል እንከን ያለበትን አንጥልም ነበር» አልኩት። «ሁለተኛ ደረጃ ብለን እናሳልፈዋለን።»

ሳቀ። «ለአውሮፕላን ሁለተኛ ደረጃ የለም፣ እማ።»

«ሐሙስ አንድ ጊዜ ብቻ አይደል የሚበረው? አንድ ጊዜማ ይችላል። ከዚያ ትፈታዋለህ።»

 እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። በማግስቱ ፈረመ። የፈረመበትን ወረቀት አሳይቶኛል፤ ከፊርማው በላይ በእጁ ጽፎበታል፦ «ለአንድ በረራ ብቻ።»

ሐሙስ ዕለት እኔ ቤት ነበርኩ። ብሩክ የነገረኝ ጥቂት ነው። ማሽኑ በደንብ ተነሣ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከኮንዶሚንየም አራተኛ ፎቅ የማይበልጥ ከፍታ ላይ እያለ ክንዱ ተሰነጠቀ። ማርቲን ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ድርጅቱ ወዲያው ተዘጋ። መርማሪዎች መጥተው ብሩክን ጠየቁት። መሣሪያው ያሳየው ከሚፈቀደው ልክ በታች ነው አላቸው፤ ይህ እውነት ነው። ተጠራጥሬ ነበር አላላቸውም፤ «ለአንድ በረራ ብቻ» ያለውንም ለሐሙሱ ማሳያ የተሰጠ ፈቃድ ነው ብለው አለፉት። እኔ ምን እንዳልኩት ደግሞ የሚጠይቅ የለም። ለእናንተም በስልክ «ሥራ ትንሽ ቆሟል» ብቻ ነው ያልኳችሁ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልድረስ ብዬ ተነሣሁ።

«እማ፣ እዚህ ሳይጠሩ አይኬድም» አለኝ ብሩክ። «ለቀብሩ ደብዳቤ ይልካሉ።»

«ለቅሶ ደግሞ ማን ይጠራል?»

«እባክሽ አትሂጂ። እኔ … እኔ መሄድ አልችልም።»

«አንተ ና አላልኩህም።»

ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ በአውቶቡስ ሄድኩ። በራፉ ላይ ድንኳን የለም፤ የሰው ድምፅ የለም። ቤት ተሳሳትኩ ብዬ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት። ሃይከ ራሷ ከፈተችልኝ። ሬሳ ያልተቀበረለት ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። እንዲህ ያለ የለቅሶ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም። መግቢያው ላይ የማርቲን ጫማዎች ተደርድረዋል። የኔንም ከጎናቸው አወለቅኩና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ማይን ባይላይድ» አልኳት፤ እግዜር ያጽናሽ እንደማለት ነው። ራሷን ነቀነቀች። ውኃ አመጣችልኝ። ለምን እንደማልሄድ የገባት አይመስለኝም፤ ግን ሂጂም አላለችኝ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።  እጄን ያዘች።

ከዚያ እንዲገባኝ ብላ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች ጠየቀችኝ።

«ሃት ብሩክ ኤስ ገቩስት?»

ብሩክ ያውቅ ነበር ወይ? ነው ያለችኝ። ጀርመንኛ አላውቅም፤ ይኼ ግን ገብቶኛል። እንደገባኝም አየች። እጄን ሳትለቅ ትጠብቀኝ ጀመር።

እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ተነሣሁ። ጫማዬን አደረግኩ፤ በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።