ከሦስት ቁጥር ክፍል የተጻፈ ማስታወሻ

የያዙኝ ከቢሮዬ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ ሲኬድ ያለ የመንግሥት የሸቀጥ ማከፋፈያ ሲሆን፣ የእኔ ሥራ የውስጥ ማስታወሻ መጻፍ ነበር። አለቃዬ ቢያስነጥሱ እንኳ «ጉዳዩ፦ ስለ ማስነጠስ» ብዬ ለየክፍሉ ከነግልባጩ የምበትን ሰው ነበርኩ።

በዚያ የምርጫ ሰሞን አለቃዬ ጠሩኝና «ሠራተኛው በሙሉ በገዛ ፈቃዱ ለድጋፍ ሰልፍ ይውጣ፤ የቀረ ምክንያቱን ያስረዳል፤ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ፦ «በገዛ ፈቃዱ ያልወጣ ሠራተኛ፣ በገዛ ፈቃዱ ያልወጣበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ እናሳስባለን።» ከእሳቸው ሐሳብ አንድም የጨመርኩት የለም። ማስታወሻው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ መርካቶ ሳቀ። ተሸካሚው ከነጆንያው ሳቀ፤ አትክልት ተራ ያለ ቲማቲም ሁሉ በሳቅ ቀላ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡና «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ያ አምስት ደቂቃ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ።

ሦስት ቁጥር የሚሏት ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ነበረች። አንድ ታክሲ በቅጡ አታስቆምም፤ ሰዉ ግን እንደ ጤፍ ጆንያ ተደርድሮባታል። ከግድግዳው ማዶ የበርበሬ ወፍጮ አለ። ጠዋት ወፍጮው ሲነሳ ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል፤ እርስ በርሳችን «ይማርህ» ተባብለን ሳንጨርስ የምሳ ሰዓት ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ቀልድ ነበር። ለጋሼ ግን አልነበረም። ጋሼ የእህል በረንዳ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ ፖለቲካ ተወራ ተብለው የገቡ ሽማግሌ። አስም አለባቸው። ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒታቸው ከቀበቷቸው ጋር ተወስዶ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። የበርበሬው ብናኝ በገባ ቁጥር ደረታቸው ያፏጫል፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል። በር ደበደብን፣ ጮኽን። የተረኛው ፖሊስ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ትእዛዝ የለም።»

አጠገቤ የሚተኛ አንድ የሰልባጅ ልብስ ነጋዴ ነበር፤ ምላሱ ከእኔ የባሰ። «አንተ የማስታወሻ ንጉሥ!» አለኝ። «በአንድ ወረቀት መርካቶን አስቀህ የለ? እስቲ በሌላ ወረቀት እኚህን ሰው አስተንፍሳቸው!»

እሱ ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን ተነስቼ ተቀመጥኩ። ከቢሮ ኑሮ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በቃል የተጠየቀን ነገር እምቢ ማለት ማንንም አያስፈራም። ተጽፎ፣ ግልባጭ ተደርጎ የመጣ ነገር ግን የተቀበለው ሰው እጅ ላይ ይቀራል። ጠርዙ ላይ ጽፎ ወደ ሌላ ሰው እስኪመራው ድረስ እንቅልፍ የለውም።

ስኳር የገባበትን ካኪ ወረቀት ቀደድን። የሰልባጅ ነጋዴው ከሱሪው ጠርዝ የደበቀውን የእስክሪፕቶ ቀለም አወጣ። ጻፍኩ፦

«ከ፦ ሦስት ቁጥር ክፍል። ለ፦ ንብረት ክፍል። ጉዳዩ፦ የአስም መድኃኒት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ። መድኃኒቱ ሳይሰጥ ቀርቶ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። ግልባጭ፦ ለጣቢያው አዛዥ፣ ለመምሪያው፣ ለፋይል።»

«ማን ይፈርማል?» አለ ነጋዴው። የፈረመ ሰው አድማ አስተባባሪ መባሉ ነው፤ ሌላ ክስ ማለት ነው።

«ተው... ልጄ...» አሉ ጋሼ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «እኔ... ኖሬያለሁ።»

ሙሉ ስሜን ከነሥራ መደቤ ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን በበሩ ሥር ለተረኛው ፖሊስ አሳለፍኩት።

አዛዡ ራሳቸው መጥተው በሩን አስከፈቱ። ወረቀቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው ይዘውታል።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ማኅተም የለውም!»

«የውስጥ ማስታወሻ ማኅተም አይጠየቅበትም።»

«አንተ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነህ?»

«ቀን እዚህ፣ ሌሊት እዚህ፤ የዓመት ፈቃድ እንኳ ወጥተን አናውቅም። ከእኛ የበለጠ ቋሚ ሠራተኛ አለዎት?»

ክፍሉ ሳቁን ዋጠ። አዛዡ አልሳቁም። ዓይናቸው ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወርዷል።

«ግልባጩ መምሪያ ደርሷል?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኩ፤ ስለማንኛውም ወረቀት በማንኛውም ቢሮ የሚሰጠውን መልስ። ከዚያች ካኪ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

የአዛዡ እጅ በልማዱ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ እስክሪፕቶ ወጣ፣ ወረቀቱ በሩ ላይ ተደገፈ። ጠርዙ ላይ መሩበት፦ «ለንብረት ክፍል፤ አስፈርማችሁ ስጡ።»

ተረኛው መድኃኒቱን ይዞ መጣ። «መጀመሪያ ፊርማ» አለ።

«ሰውየው እየታፈኑ ምን ፊርማ!» ብሎ ነጋዴው ጮኸ።

ጋሼ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙት። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ደረታቸው እያፏጨ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ፣ እስከ ላይኛው። ስማቸውን ከነአባታቸው በቀስታ ጻፉ። መድኃኒቱን ወደ አፋቸው ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ሲተነፍሱ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ተነፈሰ።

ማታ «ኮቱን መቆለፍ ምን አስቸኮለዎት፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ስሜ ነው እኮ የሚጻፈው» አሉኝ።

እኔን የለቀቁኝ በቃል ነው፤ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልሰጡኝም፤ እንደ ባለሙያ ቅር ብሎኛል። ዛሬም በሌላ ቢሮ ማንም የማያነባቸውን ማስታወሻዎች እጽፋለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ኮቴን እስከ ላይ እቆልፋለሁ። የቢሮው ልጆች በመጋቢት ሙቀት ያዩኝና «ጋሼ፣ ብርድ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ጋሼ የሚሉት እኔን ነው።

«ትንሽ» እላቸውና እፈርማለሁ።