በመቀነት የታሰረች እጅ

የኮምፒውተሩ ማውስ ጥቁር ነው፤ ሆዱ ሥር ቀይ መብራት ይበራል። እዚህ ኩዌት፣ ማዳም ዓርብ ከሰዓት ስትለቀኝ ከምሠራበት ከቁርጡባ በአውቶቡስ ፋርዋኒያ እሄድና፣ ስምንት ሴቶች በሚጋሩት ቤት ውስጥ እሱን መግፋት እማራለሁ። ጉልበቴ ወለል ማጠብ እምቢ ብሎኛል። አገሬ ስገባ ተቀምጬ የምሠራው ነገር ያስፈልገኛል።

የምታስተምረን ሕሊና በዕድሜ ልጄ ብትሆን የማያስገርም፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሕፃን ስታባብል የምትውል ልጅ ናት። «እትዬ» ትለኛለች፤ ይቆረቁረኛል። እኔ እትዬ ያልኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ዓርብ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ለቀኝ እጄ አልታዘዝ ብላ ጥግ ጥጉን ስትሸሽብኝ አየችና፣ «እትዬ፣ ሻይዎን እኮ በግራዎ ነው ያነሡት። ለምን በግራ አይሞክሩትም?» ብላ ማውሱን ወደ ግራዬ አዞረችው። ግራ እጄ ሳላዝዛት ሄዳ ከጀርባዬ ተሸሸገች።

«ኧረ አይነክስዎትም!» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ልጅ እያለሁ፣ እናቴ ስትሞት፣ ደሴ ያለችው አክስቴ እትዬ ብርቄ ወሰደችኝ። ሰው እስከዛሬ «ወላጅ የሌላትን አሳደገች» እያለ ያመሰግናታል። እኔ ደግሞ የማውቀውን ልናገር። ግራኝ ነበርኩ። በግራዬ ስጎርስ እጄን መትታ ጉርሻውን ታስጥለኛለች፤ «በግራ የበላ በረከት የለውም» ነበር ቃሏ። ትምህርት ቤት ገብቼ በግራዬ ስጽፍ መምህሩ ነገራት። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው የራሷን መቀነት ፈትታ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር ወደ ኋላ ታስራትና ከላይ ሹራብ ታለብሰኛለች። መቀነቱ ቅቤና ላብ ይሸት ነበር። በእረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ሚዛኔን ስቼ እወድቃለሁ። «አንድ እጅ! አንድ እጅ!» ይሉኛል ልጆቹ። ከሁሉም ጮክ የምትለው የአክስቴ ልጅ ሰናይት ነበረች።

በቀኜ መጻፍ ለመድኩ፤ ግን እንደ ኤሊ። እትዬ ብርቄ «ስድስተኛን ካላለፍሽ ቤት ትቀሪያለሽ» ብላኝ ነበር። ፈተናው ላይ መልሱን ሁሉ ዐውቀው ነበር። ግማሹን ሳልጽፍ ወረቀቱ ተሰበሰበ። ውጤቴን ስታይ ለጎረቤቷ «ምን ላድርጋት? ጭንቅላት አልሰጣትም» አለቻት፣ እኔ እዚያው ቆሜ። መስከረም ሲጠባ ሰናይት ደብተሯን ይዛ ሄደች፤ እኔ ልብሷን ማጠብ ጀመርኩ። ያን ቀን እትዬ ብርቄ እጄን አላሰረቻትም። ለእጥበት ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ደወለችልኝ። እናቷን ደም ግፊት ጥሏት ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። ሰው ሲያጎርሳት ፊቷን ታዞራለች፤ በግራሽ ብዪ ሲሏት አፏን ትዘጋለች።

«አለቀችብን» አለች ሰናይት። «አንቺ በግራሽ ብዪ ብትያት ትሰማሻለች። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ታውቂያለሽ።»

ሰናይትም መቀነቱን ታስታውሳለች ማለት ነው። «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ ዓርብ ነው። ግራ እጄን ከጀርባዬ አውጥቼ ማውሱ ላይ አኖርኳት። ቀስቷ ቀጥ ብላ ሄዳ ካሰብኩት ቦታ ቆመች። ሕሊና አጨበጨበች፤ «ይኸው! እጅዎ ያውቅ ኖሯል!»

ያውቅ ነበር። ያኔም ያውቅ ነበር። ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ የሚፈታኝም አልነበረም። ዛሬ ማንም አላሰረኝም። ስልኬ ከማውሱ አጠገብ ተቀምጧል። ከቀትር በኋላ ሰናይት መልእክት ልካለች፦ «ዛሬም አልበላችም።» በግራሽ ብዪ ማለት ሁለት ቃል ነው።

እስካሁን አልደወልኩም።