ልስላሴው የት ሄደ?

የበኩር ልጄ የተወለደው በሰባት ወሩ ነው። ቤቴ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነበር፤ ምጡ ግን አማቶቼን ልጠይቅ በሄድኩበት ያዘኝና እዚያው ከተማ ባለች ትንሽ ሆስፒታል ተገላገልኩ። ልጁ ጡት መሳብ አቃተው። ሲስተሯ በአፍንጫው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እስከ ሆዱ አስገባችለት፤ ያለብኩትን ወተት በዚያ ታንቆረቁርለታለች።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዕቃ ሁሉ ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል ይባል ነበር። አንዴ ተጠቅመው እንዲጥሉት የተሠራው ቱቦ እየታጠበ፣ እየተቀቀለ ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራል። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ትላለች ሲስተሯ። ቱቦው ሲገትርማ ነርሶቹ በደንብ ተቀቅሏል ብለው ደስ ይላቸዋል! ጭራሽ መገተሩን የንጽሕና ምልክት አድርገውት ነበር።

ለእኔ ልጅ አዲስ ደረሰው። ሲገባ ልስልስ ያለ ነበር፤ በጣቴ ነክቼዋለሁ። ከቀናት በኋላ ሲወጣ ግን እንደ ሽቦ ደርቋል።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ሲስተር፣ ልስላሴው የት ሄደ?» አልኳት።

«የምን ልስላሴ?»

«የቱቦው ነዋ። ይሄ እኮ ገና አልተቀቀለም። ልጄ ሆድ ውስጥ ቀረ ማለት ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ በመትረፉ ፈጣሪሽን አመስግኚ!»

ተናደድኩ። ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም አስረዳኝ። ፕላስቲኩ በራሱ ደረቅ ነው፤ ማለስለሻ ይጨመርበታል፤ የወተቱ ቅባት ደግሞ ማለስለሻውን ይስበውና ወደ ልጁ ሆድ ይዞት ይገባል። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት፣ ይልቁንም ለወንዶቹ፣ እንደሚያሰጋና ዛሬ ያለዚያ ማለስለሻ የሚሠሩ ቱቦዎች እንዳሉ ነገረኝ። ያኔ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

ያን ዕለት ሌላ ቱቦ አይገባበትም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ወተቴን በሲኒ ጠብ፣ ጠብ እያደረግሁ ሰጠሁት። ዋጠልኝ፤ አለቀስኩ።

ሲስተሯ ከእሱ የወጣውን ቱቦ ቀቅላ አጠገቤ ወዳለው አልጋ አመጣችው። እዚያ የተኛችው ከጉቴ ተድራ የመጣች ልጅ እግር እናት ናት፤ ክርክራችንን ሁሉ ሰምታለች።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ታስገቢያለሽ?» አለችኝ።

የእሷን ልጅ ጠዋት በሲኒ ሞክረነው ትን ብሎት፣ ፊቱ ጠቁሮ ለጥቂት ነበር የተረፈው። ምን ልበላት? የያዝኩትን ሲኒ አስቀመጥኩት።

ፊቴን ትንሽ አየችው። ከዚያ የልጇን ራስ በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ሲስተሯ ዞረች።

«አስገቢው» አለች።